የእማማ ሳሉሃ ኖራ

ክራተን፣ ጁላይ 21 ቀን 1986

በአላህ ስም።

ለልጄ ለናጅያ፣ የሟች ባለቤቴ የዙበይዳ የእህቷ ልጅ፣ ማርሴይ። ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ የፎቅሽን ደረጃ ወጥቶ በርሽን ያንኳኳ። አንቺና እናትሽ ሸድሊያ ደህና ከሆናችሁ እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴንም አልከሰውም፣ ሰባ ሁለት ዓመት ተሸክሞኛል።

ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። የትምህርት ቤቱ አስተማሪ "ልጻፍልህ" ብሎኝ ነበር። "አንተ የምትጽፈው ለመንግሥት ነው፣ ይሄ ለሰው ነው" ብዬ መለስኩት። ፊደሌ እንደ ሸርጣን ወደ ጎን ቢሄድብሽ ታገሺው፣ መድረሱ አይቀርም። ይህችንም ፊደል ያስቆጠረችኝ አያትሽ እማማ ሳሉሃ ናት። መንግሥት ላዋቂዎች ትምህርት የከፈተ ጊዜ ሰባ ሊሞላት አንድ ዓመት ቀርቷት ነበር፤ በሕፃናት አግዳሚ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። እኔ በመስኮት ቆሜ ስስቅ አየችኝና፣ "ፈርሃት! ወንድ ከሆንክ ግባና ሳቅ፤ በመስኮት አንገቱን የሚያስገባ ፍየል ነው!" አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምን ላድርግ? ገባሁ።

ትናንት አርባዋ ነበር። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ክራተን አይታ አታውቅም! ከደሴቱ መንደር ሁሉ ሰው መጣ። በጋሪ መጣ፣ በጀልባ መጣ፣ የትውልድ መንደሬ የመሊታ ሰዎች እንኳ፣ ለሠርጌ ያልመጡት፣ ለአማቴ አርባ መጡ። ኩስኩሱ በበርሜል ተቀቀለ። ዱዓው እንዳለቀ ሰዉ "ለእኔ ነው የበለጠ ያደረገችልኝ፣ ለእኔ ነው" እያለ ይከራከር ጀመር፤ ሁለት ሽማግሌዎች ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። አንድ ከማዶው ከተማ ከስፋክስ የመጣ ሰውዬ ተነስቶ እያለቀሰ መሰከረ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሚስቱ ታማ ወደ ስፋክስ የምታሻግረው መርከብ አምልጣቸው ነበር። መርከቧ ገመዷን ፈትታ ትንሽ እንደሄደች አያትሽ ውስጥ ነበረችና ሴትዮዋን ወደቡ ላይ ተኝታ አየች። ካፒቴኑ ዘንድ ወጣች።

"መልሳት።"

"እማማ፣ መርከብ አህያ አይደለችም፣ አትመለስም።"

"አህያማ ብትሆን ልብ ነበራት" አለችና ቆቡን ከራሱ ላይ ነጥቃ ከባሕሩ በላይ ያዘችው። "ቆብህ ይቅደም ወይስ ሴትዮዋ?" በሰማንያ ዓመቷ ነው! መርከቧ ተመለሰች። ሴትዮዋም ትናንት መጥታ ነበር፣ ወፍራ፣ ኩስኩስ ስታድል ዋለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አንቺ በአሥር ዓመትሽ ስለሄድሽ ረስተሽው ይሆናል፤ እኛ ዘንድ የሰው ርስቱ ባሕር ውስጥ ነው። ባሕራችን ሲሸሽ ሺህ እርምጃ ብትሄጂ ከወገብሽ አያልፍም። ብርዱ ክረምት ሊገባ ሲል የዘንባባ ዝንጣፊ አጥር አድርገን እንተክላለን፤ ዓሣው አጥሩን ተከትሎ ይገባል፣ መውጫው ይጠፋዋል። ድንበሩ ድንጋይ የለውም፣ የሚያዘው በዓይን ነው። ውኃው ውስጥ ቆመሽ ወደ የብስ ታያለሽ፤ ዳገቱ ላይ ያለው ነጩ ግድግዳችን ከሼኹ መቃብር ጉልላት ጀርባ ልክ ሲደበቅ፣ ድንበሩ እግርሽ ሥር ነው። ይህን አያትሽ በሠርጌ ማግሥት ራሷ ውኃ ገብታ አሳየችኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ስንዝር ስቼ አላውቅም። በዚህ ደሴት እንደ እኔ ያለ ዓይን የለም፣ ጠላቴም ይመሰክራል።

ጠላቴ ቱሃሚ ነው፣ የመብሩካ ልጅ። ርስቱ ከእኛ በስተምሥራቅ ነው። ዓሣው የሚመላለስበት ጥልቁ ቦይ ከእኛ ድንበር ሁለት መቶ እርምጃ አልፎ በእሱ አጥር ውስጥ ነው የሚያልፈው። አርባ ዓመት ሙሉ የእሱ ቅርጫት ሲሞላ የእኔ ይጎድላል! አያቶቻችን ጥሩውን ቦይ ለሰው ሰጥተው ደረቁን ያዙ ብትይኝ አላምንሽም። አንድ ሰው ድንበር ገፍቷል። አሁን ባለ ርስቷ ስለሞተች ሴፕቴምበር 20 ሽማግሌዎች ባሕር ዳር ወጥተው ድንበሩን እንደገና ይወስናሉ። ያን ቀን የተባለው ተባለ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚነካው የለም። የርስቱ ወረቀት እናትሽ ዘንድ ነው፣ በ1958 ስትሄድ በሳጥኗ ይዛው ሄዳለች። ላኪልኝ። አርባ ዓመት የጠበቅኩት ቀን መጣ!

አጎትሽ ፈርሃት


ማርሴይ፣ ኦገስት 6 ቀን 1986

ለተከበሩ አጎቴ፣

አላህ ጉልበትዎን ያበርታ፣ ዓይንዎን ያቆይልን። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ፖስታውን ሳልቀድ አሸተትኩት፤ ባሕር ባሕር ይላል፣ ወይም መስሎኝ ነው።

ለቀብሯ አለመምጣቴን አንድም ቃል ሳይወቅሱኝ አለፉ። ያ ከወቀሳ ይበልጥ ከበደኝ። ምክንያቱን ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ደብዳቤውን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የካፒቴኑ ቆብ ጋ ስደርስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፣ "አዎ፣ እናቴ ናት፣ እናቴ ናት!" እያለች ጭኗን መታች። ወረቀቱ ጋ ስደርስ ግን ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ የታጠበ ሳህን እንደገና ስታጥብ ሰማኋት። ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት፣ ሁለት ጊዜም "ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ" አለችኝ። እሞክራለሁ አጎቴ።

እኔም ልለምንዎ። ከአያቴ ጋር የኖርኩት አሥር ዓመት ብቻ ነው፣ እርስዎ አርባ አለዎት። ያካፍሉኝ። የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉልኝ፣ ትንሽ ነው ብለው አይተዉት። የጉልበት ቅባት ልላክልዎ?

ልጅዎ ናጅያ


ክራተን፣ ኦገስት 17 ቀን 1986

ለናጅያ፣ ሰላም በአንቺና በቤትሽ ጣራ ላይ ይሁን።

ቅባት አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት ወረቀት ነው። ግን ተረት ፈላጊ ከሆንሽ እንነጋገር፤ እኔ ታሪክ እልካለሁ፣ አንቺ ወረቀት ትልኪያለሽ። ለማሳያ ሁለት እነሆ፣ ሁለቱም እኔ የተሸነፍኩባቸው ናቸው። ያሸነፍኩባትን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

አንደኛው የድርቁ ዓመት ነው፣ 1947። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። የእኛ ጉድጓድ ብቻ ውኃ ነበረው፣ መንደሩ ሁሉ እየመጣ ይቀዳል። ቤተሰቤን ላድን ብዬ በክዳኑ ላይ የብረት ቁልፍ ገጠምኩ። እማማ ሳሉሃ አየችው። "ቁልፉን ስጠኝ ልየው" አለችኝ፣ ሰጠኋት። በመዳፏ መዘነችው፣ "ጥሩ ብረት ነው" አለች። ከዚያ ቁልፉን ይዛ፣ ክዳኑን ነቅላ በጀርባዋ አዝላ ወደ ባሕር ወረደች፣ እስከ ደረቷ ገባችና ሁለቱንም ለቀቀቻቸው። ስትመለስ ቀሚሷ እየተንጠባጠበ፣ "ፈርሃት፣ ውኃ የሚቆልፍ ሰው ነገ ነፋስ ይቆልፋል። ገመድ አምጣና ለጎረቤት ቅዳ" አለችኝ። በዚያ ቀን የቀዳሁትን ውኃ ክንዴ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። በዚያ ዓመት ከመንደሩ አንድ ፍየል እንኳ በጥም አልሞተም!

ሁለተኛው ሠላሳ ዓመት የከነከነኝ ነው። ዳገቱ ላይ ሁለት አሮጌ ቤቶች አሉን፣ ታስታውሻቸዋለሽ? አንዱ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው፣ የጉድጓዱ ቤት የምንለው። ሌላው በስተምሥራቅ ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ የመረቡ ቤት። አያትሽ በየበጋው የመረቡን ቤት ግድግዳ ራሷ ኖራ ትቀባለች። ማንም እንዲነካላት አትፈቅድም። በዘጠና ዓመቷ እንኳ መሰላል ላይ ወጥታ እኔ ከታች እግሯን ይዤ፣ "ውረጂ እማማ" ስላት፣ "አንተ እግሬን ያዝ፣ ግድግዳውን ለእኔ ተው" ነው መልሷ። የጉድጓዱ ቤት ግን አፈር መስሎ ይኖራል። አንድ በጋ እሷ መሊታ ለቅሶ ሄዳ ነበር፣ ደስ ይበላት ብዬ የጉድጓዱን ቤት እንደ ወተት ነጭ አድርጌ ጠበቅኳት።

ልጄ፣ ያን ቀን ያየሁትን ቁጣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም! ከጋሪው ሳትወርድ ጮኸች። ሻንጣዋን እዚያው ጥላ፣ ጭቃ በባልዲ አቡክታ፣ በሁለት እጇ ግድግዳውን ሙሉ ለቀለቀችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ነጭ ነጥብ አልቀረም። "ምን አጠፋሁ እማማ?" አልኳት። ጭቃውን ከክርኗ እየጠረገች፣ "ምንም አላጠፋህም ልጄ። የፈረሰ ቤት ማስዋብ ደግ አይደለም" አለችኝና ለእራት ትልቁን ዓሣ ለእኔ ሰጠችኝ። ይኸው ሠላሳ ዓመት አስባለሁ፣ አልገባኝም።

ዘንድሮ ግን የሚቀባው ጠፍቶ የመረቡም ቤት ደብዝዟል። ቱሃሚ ሱቅ በር ላይ ሰው ሰብስቦ፣ "ጋሼ ፈርሃት፣ ነጩ ግድግዳዎ ከሰል ሊሆን ነው፣ በምን ሊያነጣጥሩ ነው ዘንድሮ?" አለኝ። "በአፍንጫህ" አልኩት። ሰዉ ሳቀ። ግን ሳቁ ለማን እንደሆነ አላወቅኩም።

ወረቀቱ!

ፈርሃት


ማርሴይ፣ ኦገስት 30 ቀን 1986

ለተከበሩ አጎቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በረመዳን ፆም፣ በአረፋ ዱዓ እንደማይለዩን አውቃለሁ፤ እኛም አንለይዎም።

ወረቀቱ ገና ነው። አይቆጡ፣ ልንገርዎ። የጭቃውን ታሪክ ሳነብላት እማዬ ማንኪያዋ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰችና፣ "ምስኪን ፈርሃት" አለች። "ለምን ምስኪን?" አልኳት። "ሾርባው" አለችኝ።

በነጋታው ግን ሳልጠይቃት፣ "መብሩካ ባሏ የሰመጠባት በ1943 ነበር፣ አምስት ልጅ፣ ትንሹ ገና ጡት ላይ" አለችኝ። አጎቴ፣ መብሩካ ማን ነበረች? የአያቴ ምኗ ነበረች? ወረቀቱ ከእሷ ጋር ምን አገናኘው? አያቴን በደንብ ባውቃት ኖሮ የእማዬን ዝምታም አነበው ነበር መሰለኝ።

ልጅዎ ናጅያ


ክራተን፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1986

ለናጅያ። ሰላም ብያለሁ።

"ምስኪን" ማለት ምን ማለት ነው? ለእናትሽ ንገሪያት፣ ፈርሃት ምስኪን አይደለም። ፈርሃት በዓለም ጦርነት የሞንቴ ካሲኖን ተራራ በእግሩ ወጥቶ የወረደ፣ ከዚያም በሁለት እግሩ የተመለሰ ሰው ነው።

መብሩካን ጠየቅሽኝ። በ43 እኔ ለፈረንሳይ ጦር ተመልምዬ ስለሄድኩ አልነበርኩም፤ ያኔም የመሊታ ልጅ እንጂ የዚህ መንደር ሰው አልነበርኩም። ስመለስ ዙበይዳን አገባሁና ክራተን ገባሁ። ባሏ አያድ በክረምት ማዕበል መስመጡን የሰማሁት እንደ ሌላው ወሬ ነው። አምስት ልጅ አሳድጋለች፣ እውነት ነው። በማን ዓሣ? እሱን ነው የምጠይቀው! ሌላም ልጨምርልሽ። በየዓመቱ አጥር በተተከለ በመጀመሪያው ቀን፣ ከያዘችው ሁሉ ትልቁን ኦክቶፐስ አያትሽ ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ትሄድ ነበር። ሳታንኳኳ። መብሩካ ስትሞት ልጇ ቱሃሚ ያንኑ ማድረግ ቀጠለ። ንጹሕ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው? ሌባ ነው ሕሊናው የሚበላው! ለእማማ ሳሉሃ ይህን ስነግራት "ይሆናል፣ አንተ ብላ" ትለኝ ነበር። ኦክቶፐሱን እየበላሁ እናደድ ነበር።

አሥራ አምስት ቀን ቀረኝ። መርከብ በማዕበል ሁለት ቀን ይቀራል፣ ፖስታ ቤት አንድ ቀን ይተኛል። ቁጠሪው። እኔ ልጅ የለኝም፣ ዙበይዳ ያለልጅ ነው የሞተችብኝ። ይህችን ርስት ከነክብሯ መልሼ፣ አያትሽ ሰባ ዓመት በደረቁ ቦታ የለፋችበትን ፍርድ አስገኝቼ ብሞት ምን አለበት? ይህን ብቻ ነው የምፈልገው። ለእሷ ነው። ለእኔ ቢሆን አልለምንሽም ነበር።

ፈርሃት


ማርሴይ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1986፣ በአስቸኳይ ፖስታ

አጎቴ፣ ሰላምታውን በልብዎ ይሙሉልኝ፣ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ነው።

ወረቀቱ እዚህ ውስጥ ነው! ትናንት የመጨረሻውን ደብዳቤዎን አነበብኩላት። "ለእኔ ቢሆን አልለምንሽም" የሚለው ጋ ስደርስ ተነሳች፣ ሳጥኗን ከፈተች፣ ከሠርግ ቀሚሷ እጥፋት ውስጥ አወጣችው። እንዲህ አለችኝ፣ ቃል በቃል ነው የምጽፍልዎ፦

"ልሄድ መርከብ ልሳፈር ስል እናቴ በእጄ አስያዘችኝ። 'ከፈርሃት ዓይን አርቂው፣ ዓይኑ ጥሩ ነው' አለችኝ። 'እስከ መቼ?' አልኳት። 'እኔ እስካለሁ የእኔ ሥራ ነው። ስሞት የእሱ ሥራ ነው፣ ከጠየቀ ስጪው' አለችኝ። እኔ ግን የምለው፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ከመግለጡ በፊት ብቻውን ባሕር ዳር ቆሞ ያንብበው።"

እኔ አንብቤዋለሁ። ምንም ያልገባኝ ስለመሰለኝ ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ የጭቃው ታሪክ ትዝ አለኝና ቁጭ አልኩ። ምንም አልልም አጎቴ። እርስዎ ዓይን አለዎት።

ናጅያ


ክራተን፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1986

በአላህ ስም፣ ነገርን በጊዜው በሚገልጠው።

ለልጄ ለናጅያ፣ ለእህቴ ለሸድሊያም፣ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ አንብቡት። ሾርባ ካለ አውርዱት።

ወረቀቱ በ18 ደረሰኝ። እንደተባልኩት ብቻዬን ባሕር ዳር ወረድኩ። ፊደሉ የድሮ ነው፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፦ "የሳሉሃ ቢንት ሷልሕ የባሕር ርስት፣ በምሥራቅ ወሰኑ፣ የጉድጓዱ ቤት ነጭ ግድግዳ ከሼኹ ጉልላት ጀርባ ሲደበቅ።"

የጉድጓዱ ቤት! መጀመሪያ የጻፈው ሰው ዕውር ነው አልኩ። ነጩ የመረቡ ቤት ነው፣ አርባ ዓመት ያነጣጠርኩበት። ከዚያ ያ ጭቃ፣ ያ በሁለት እጅ የተለቀለቀ ጭቃ መጣብኝ። ጉልበቴን ረስቼ ዳገቱን ሮጥኩ፣ ሙች እልሻለሁ ሮጥኩ! በቢላዬ የጉድጓዱን ቤት ግድግዳ ፋቅኩ። ከላይ ጭቃ፣ ከጭቃው ሥር የእኔው አንድ እጅ ኖራ፣ ከእሱ ሥር ዝናብ የበላው አፈር፣ ከአፈሩ ሥር ደግሞ ኖራ በኖራ ላይ፣ አውራ ጣቴን የሚያህል ውፍረት። የአባቶቿ ኖራ ነው። የመረቡን ቤት ፋቅኩ። ቀጭን ነው። ልጣጩን እንደ ሽንኩርት ገላልጬ ቆጠርኩት፣ አርባ ሦስት። የመጨረሻው ያለፈው በጋ፣ የመጀመሪያው አያድ የሰመጠበት ዓመት።

ገባሽ ልጄ? ግድግዳው በየብስ ሃያ እርምጃ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ድንበሩ በባሕር ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ምዕራብ ይሸሻል! አምስት ልጅ ላላት መበለት "ዓሣ እንኪ" ብላ በየቀኑ እጇን አላስዘረጋቻትም። አንዱን ቤት ጭቃ አለበሰችው፣ ሌላውን ነጭ አደረገችው፣ ቦዩም ከነዓሣው ሄደ። ማንም ለማንም አልሰጠም፣ ማንም ከማንም አልተቀበለም። እኔ ከመሊታ መጥቼ፣ ዓይኔ እንደ ጭልፊት፣ እሷ በነገረችኝ ውሸት ላይ አንድ ስንዝር ሳልስት አርባ ዓመት አጥር ተከልኩ። ከእኔ የተሻለ ዘበኛ ከየት ታገኛለች?

ባሕሩ ሲሸሽ ውኃ ገባሁ። ወረቀቱን ቆቤ ውስጥ አድርጌ ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ምሥራቅ ቆጠርኩ። ዞሬ አየሁ። የጉድጓዱ ቤት ከጉልላቱ ጀርባ እልም አለ፣ ልክ እንደ ጥርስና ድድ። ከእግሬ ሥር ቦዩ ነበር። ዓሣው ባቴን እየነካ ያልፋል! ቱሃሚ በጀልባው ሆኖ አየኝ፣ "ጋሼ ፈርሃት! ድንበሩ ጠፋዎት ወይስ ዓሣ በእግር ሊይዙ ነው?" ብሎ ጮኸ። ቆቤን በሁለት እጄ ይዤ ወደ የብስ ተመለስኩ።

መናደድ ፈለግኩ፣ ተናደድኩም፤ ሰው በመቃብር ባለች አማቱ ላይ ይጮሃል? እኔ ጮኽኩባት። "ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አልኳት። ከዚያ ያ የጉድጓድ ቁልፍ ትዝ አለኝ። ለፈርሃት ብትነግረው ኖሮ ፈርሃት ባሕሩን ይቆልፍ ነበር። እውነቴን ነው የምጽፍልሽ፣ እቆልፈው ነበር።

በ20 ሽማግሌዎቹ ወጡ። ሐጅ ቡበከር፣ ዘጠና ሊሞላው ነው፣ በሁለት ሰው ተደግፎ መጣ። መንደሩ ሁሉ ወጥቷል። ቱሃሚ ከወንድሞቹ ጋር ራቅ ብሎ ቆሟል። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እንደ ፍም ይፋጃል።

"ፈርሃት፣ የሳሉሃን የምሥራቅ ወሰን አሳየን" አለ ሐጅ ቡበከር።

ዘወር ብዬ አየሁ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ፣ ያንን ዘመን የነበሩት ሁሉ፣ መሬት መሬት ያያሉ። አንዱ ጫማውን ያጠናል፣ አንዱ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። ያን ጊዜ ገባኝ። ሁሉም ያውቃል! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ዓይንም እንደዚያው ነው ለካ። መንደሩ ሙሉ አርባ ዓመት ምሥጢሯን ጠብቆላታል፣ ከእኔ ከአንድ ሰው።

እጄን ዘረጋሁ። "ነጩ ግድግዳ ከጉልላቱ ጀርባ ሲደበቅ፣ እዚያ ነው።"

"የትኛው ነጭ?" አለ ሐጅ ቡበከር፣ ቀስ ብሎ።

"ስንት ነጭ ነበረን ሐጅ? አርባ ዓመት የማውቀው የመረቡ ቤት ነው። ዓይንህ ደከመ ወይስ አንተ ራስህ?"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሐጅ ቡበከርም ሳቀ፣ ሳቁ ወደ እንባ ሄደበትና በጋቢው ጫፍ አበሰው። "ተመዘገበ" አለ። ቱሃሚ ግን አልሳቀም። ከሩቅ፣ "አሁን ሁለቱም አፈር መስለዋል፣ የትኛው ነጭ እንደሆነ በምን እናውቃለን?" አለ። ድምፁ የወትሮው ፌዝ አልነበረበትም። የፈራ ሰው ድምፅ ነበር።

"ነገ ና፣ ታየዋለህ" አልኩት።

በማግሥቱ ማለዳ ኖራ በጥብጬ መሰላሉን በመረቡ ቤት ላይ አቆምኩ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስደርስ መሰላሉ ሲረጋ ተሰማኝ፤ ወደ ታች ባይ ቱሃሚ እግሬን ይዟል። ሌላ ባልዲ ኖራ አጠገቡ አስቀምጧል።

"ታውቅ ነበር?" አልኩት፣ ሳልዞር።

"እናቴ ስትሞት ነገረችኝ።"

"ለምን አትነግረኝም ታዲያ አንተ ቀጣፊ!"

"እማማ ሳሉሃን ጠይቄያት ነበር። 'ልንገረው ወይ?' አልኳት። 'ተወው፤ ዓይን አለኝ ይል የለ፣ ራሱ ያግኘው' አለችኝ።"

ናጅያ፣ ከመሰላሉ ልወድቅ ነበር! ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ኖራው በፊታችን ላይ ተረጨ፣ ሁለት ሽማግሌ ነጭ ጂኖች መሰልን፣ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያየን ነበር። አርባ አራተኛውን ቀባነው። እሷ ከመቀባቷ ያማረ አልሆነም፣ ግን ከባሕሩ መካከል ይታያል፣ ሄጄ አረጋግጫለሁ።

አሁን ሁለት ነገር እጠይቅሻለሁ፣ ቅባት አይደለም። ወረቀቱን በዚሁ ፖስታ መልሼልሻለሁ። እናትሽ ሠርግ ቀሚሷ ውስጥ ትመልሰው፣ ከእኔ አርቃ ትያዘው። ዓይኔ አሁንም ጥሩ ነው፤ ዓሣው ባቴን ነክቶት ሄዷል፣ ክረምት ሲጠና ቅርጫቴ ባዶ ሲሆን ምን እንደማስብ አላውቅም። አያትሽ እኔን ታውቀኝ ነበር፣ እናንተም እወቁኝ።

ሁለተኛው፦ በሚቀጥለው በጋ ነይ። ለቀብሯ ለምን እንዳልመጣሽ አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትጻፊው። ጥሩ ብሩሽ ይዘሽ ነይ፣ የእዚህ ብሩሾች ፀጉራቸው ይነቀላል። ቱሃሚ እግርሽን ይይዛል፣ እኔ ከታች ሆኜ "እዚያ ጋ ቀርቷል" እልሻለሁ። ከእኔ በኋላ ያንን ግድግዳ የሚቀባው ሰው የትኛውን ቤት እንደሚቀባ ማወቅ አለበት።

ዛሬ ጠዋት በሬን ስከፍት ኦክቶፐስ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁ። አጥር እንኳ ገና አልተተከለም፣ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። ቀቅዬ በላሁት። በሕይወቴ ሳልናደድ የበላሁት የመጀመሪያው ነው፣ ጣፋጭ ነበር።

አጎትሽ ፈርሃት፣ በገዛ እጁ